«ወይራ ነው እኮ» ተብዬ የገዛሁት ቀስት፣ ከስምንት ወር በኋላ

ቀስቴ ጎብጧል። ሳልገትረው፣ አውታሩን አውልቄ ጥግ ባቆምኩት። ትናንት ማታ ሲሚንቶው ላይ አጋድሜ በመሀሉ ስር ጣቶቼን ሰደድኩ። አራት ጣት ገባ። ጥር ላይ አንዱም በግድ ነበር የሚገባው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ የእንጨት ቀስት ዋና ሥራው ከጎበጠ በኋላ መመለስ ነው። ስትስበው ወደ ኢላማው የዞረው ጀርባው ይለጠጣል፣ ወደ አንተ የዞረው ሆዱ ይጨመቃል። ስትለቀው ሁለቱም ወደ ቦታቸው ሲሮጡ ፍላጻውን ይዘውት ይሄዳሉ። ሆዱ እንደተጨፈለቀ ከቀረ ግን የሚሮጥ ነገር የለም። ፍላጻዬ አሁን ይሄዳል። ሄዶ ግን የቡና ገለባ የጠቀጠቅኩበትን ጆንያ ነካ ያደርግና ይወድቃል፤ እንደ ድሮው አይሰካም።

የሠራልኝ እዚሁ ጅማ በርጩማና ከዘራ የሚጠርብ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም። ሦስት ከሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። በመጥረቢያ ጠረበው፣ በካራ ፋቀው፣ በመጨረሻ በጠርሙስ ስባሪ ላገው። ስባሪው በሄደ ቁጥር ስስ ቅራፊ እየተጠቀለለ እጄ ላይ ይወድቃል። ቅራፊው ቀዝቀዝ ይል ነበር። ጣቴ ላይም ይጣበቃል። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ግን ደርቋል?» አልኩት።

«ልጄ፣ ወይራ ነው እኮ!»

ስምንት ወር ሙሉ ከዚህች መልስ ጋር በሐሳቤ ስከራከር ነው የኖርኩት። ወይራ መሆኑን ማን ካደ? እኔ የጠየቅኩት መድረቁን ነው። «ወይራ አይሰበርም» ትለኛለህ። አልተሰበረም፣ እውነትህን ነው። ባይሰበርም ደከመ። ደግሞ ከዘራ የሚሠራ ሰው እርጥብ እንጨት ይወዳል፤ እጀታው በሙቀት የሚቆለመመው እርጥብ ሲሆን ነው። ከተቆለመመ በኋላም እንደዚያው እንዲቀር ነው የሚፈለገው። ለከዘራ ሙያ የሆነው ነገር ለቀስት በሽታ ነው። እሱ ዕድሜ ልኩን እንጨት ጎብጦ እንዲቀር ሲያስተምር ኖሮ፣ የኔን ከየት አምጥቶ መመለስ ያስተምረው?

ስሜት ብቻ እንዳይሆንብኝ በቁጥር ልናገር። ጎረቤታችን ቡና የሚመዝንበት የሚንጠለጠል ሚዛን አለው። ወጋግራው ላይ ሰቅለን፣ አውታሩን መንጠቆው ላይ አድርገን ቀስቱን ወደ ታች ሳብነው። ጥር ላይ 65 ሳንቲ ሜትር ሲሳብ 18 ኪሎ አነበበ። ነሐሴ ላይ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ርቀት 12። ጎረቤቴ «ቡና ቢሆን ሌባ ገብቷል እንል ነበር» አለ።

ሌባውስ ገብቷል። ጅማ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና መስከረምም መጥቶ አይለቅም። አልጋ ስር የረሳኸው ጫማ ይሻግታል። እንጨትም ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ሲጨመቅ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ከመጀመሪያውም ያልደረቀ ከሆነ አስበው።

እሺ፣ አንዱ ጥፋት የኔ ነው። ሚያዝያ ላይ እንግዳ ይመጣል ብዬ፣ እንዲያምር፣ እንደተገተረ ሳሎን ሰቀልኩት። ሁለት ሳምንት። ይሄ አይደረግም፤ ተኩሰህ ስትጨርስ አውታሩ ይወልቃል። ሜሪ ሮዝ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1545 ሰጠመች። ቀፎዋ በ1982 ከባሕር እስኪወጣ ድረስ ከውስጧ የተገኙት ቀስቶች ከ130 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ ሳይገተሩ በሳጥን ተቀምጠው ነበር። እነሱ ከ400 ዓመት በላይ ባሕር ስር ከርመው ቅርጻቸውን ይዘው ወጡ። የኔ አንድ ክረምት፣ ያውም ጣራ ስር!

ለፍትሕ ያህል፣ አውታሩ አላሳፈረኝም። የእንሰት ቃጫ ነው፣ ራሴ የገመድኩት። ሰው ሁሉ «ናይለን ግዛ» ሲለኝ ነበር። ናይለኑን ሞከርኩት፣ እየተለጠጠ አስቸገረኝ። ቃጫው እስካሁን አለ። የሸምበቆዎቹ ፍላጻዎችም ደህና ናቸው።

ክረምቱ ሲከፋ ቀስቱን እናቴ ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው፣ ቋንጣ?» አለችኝ። ስድስት ሳምንት ጢስ ጠጥቶ ሲወርድ ሚዛኑ 15 አለ። ጉብጠቱ ግን ንቅንቅ አላለም። የተጨፈለቀ ሆድ ቢደርቅም ተጨፍልቆ ነው የሚደርቀው።

መልሰህ ትገዛዋለህ ወይ? ዛሬ አልገዛም። ባለፈው ቅዳሜ ብትጠይቁኝ ግን፣ ከ20 እርምጃ ሦስት ፍላጻ ተከታትሎ ጆንያውን ስለመታልኝ፣ ለወንድሜም አንድ ይሠራለት ባልኩ ነበር። አሁን ሌላ የወይራ ፍልጥ ይዣለሁ። ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ ወጥቶ እንዳይሰነጥቀው ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀባሁት። በየሳምንቱ ባለሱቁ ጋ ወስጄ አስመዝነዋለሁ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ገና እየቀነሰ ነው። ባለሱቁ ምን እንደምሸጠው ሊገባው አልቻለም።

አሮጌውን ይዤ አናጢው ጋ ተመልሼ ነበር፣ ልጣላው። ተቀበለኝና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ጉብጠቱን በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይሄ እኮ» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ጥሩ ከዘራ ይወጣዋል።»

ነጥቄው ወደ ቤቴ ሄድኩ።