ትንሽ ሥዕል በሳሎን ግድግዳ፦ ከባሕር ዳር የተገዙ የሥዕል ፖስታ ካርዶች

በጎጃም ከተሞች የሳሎን ግድግዳ ላይ አዘውትሮ የሚታየው የምርቃትና የሠርግ ፎቶ ነው፤ ከጎኑም የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ አይጠፋም። በእጅ የተቀባ ሥዕል ገዝቶ መስቀል ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ በሚገኙ የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች የሚቀርቡት የሥዕል ፖስታ ካርዶች ይህን ክፍተት ይሞሉ እንደሆነ ለማየት አሥራ ሁለት ካርዶች ያሉበት አንድ ጥቅል ገዝቼ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤቴ ሰቅያቸዋለሁ። አሁን ክረምትም በጋም ስላለፈባቸው፣ የትኞቹ ለግድግዳ እንደሚሆኑና የትኞቹ ከኤንቨሎፕ ባይወጡ እንደሚሻል በድፍረት መናገር ይቻላል።

ካርዶቹ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ከፊሎቹ በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉ ሥዕሎች ቅጂ ሲሆኑ፣ አንዱ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያሳያል፤ የቀሩት የጣናን ታንኳ ቀዛፊዎች፣ የገበያ ቀንንና ጢስ ዓባይን የሚያሳዩ የዘመናችን ሥዕሎች ናቸው።

ሁሉም ሥዕል ማነስን አይችልም። የዑራ ሥዕሎች በዚህ መጠን እንኳ ኃይላቸውን አላጡም፤ ምክንያቱም የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅርጹን በጥቁር መስመር ከብቦ፣ ውስጡን ባልተድበሰበሰ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ስለሚሞላው፣ ወደ መዳፍ ስፋት ሲወርድም ማን ማን እንደሆነ አይምታታም። ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲመለከቱ፣ ኃጥአንና አጋንንት በጎን ፊት፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ የሚሣሉበት የቆየ ልማድ በካርዱም ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ካርድ ጠጋ ብሎ ላየው፣ የዘንዶው ዓይን ከጤፍ ፍሬ ባይበልጥም ወደ ጦሩ ጫፍ ማፍጠጡ ይታወቃል። የጢስ ዓባዩ ካርድ ግን ከሁለት እርምጃ ርቀት ሲታይ በአረንጓዴ መካከል የፈሰሰ ነጭ እድፍ እንጂ ሌላ አይመስልም። ፏፏቴ የሚያስደንቀው በግዝፈቱ ስለሆነ፣ ግዝፈቱ ሲወሰድበት የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው።

ይህ የእኛ ሥዕል ብቻ ጠባይ አይደለም። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ካመጣልኝ የሙዚየም ካርዶች መካከል የጃፓናዊው የሆኩሳይ ታላቁ ማዕበል ከሁሉም በልጦ የተዋጣ ነው፤ ዋናው ራሱ በ1831 እ.ኤ.አ. ገደማ ከእንጨት ሰሌዳ የታተመ፣ ቁመቱ 25፣ ስፋቱ ደግሞ 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሥራ ስለሆነ፣ ካርዱ ከዋናው ብዙም አልራቀም። የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቬርሜር የሉል ጉትቻ ያደረገችው ልጅም ዋናዋ 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነች በካርድ ላይ የፊቷ ብርሃን አልደበዘዘም። የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሞኔ የውኃ አበቦች በአንጻሩ፣ በፓሪስ ኦራንዠሪ ሙዚየም ያሉት ቁመታቸው ሁለት ሜትር የሆነና ተመልካቹን ዙሪያውን እንዲከቡት ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ፣ በካርድ ሲታተሙ የረጠበ ጨርቅ ያበሰው ቀለም ይመስላሉ። ስለዚህ ካርድ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የዋናውን መጠን ቢጠይቅ፣ ቀጥሎም ካርዱን እጁን ዘርግቶ ይዞ ቢያየው ይጠቀማል፤ በክንድ ርቀት የማይነበብ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲወጣ ጨርሶ ይጠፋል።

ወደ ኅትመቱ ስንመጣ፣ የባሕር ዳሩ ጥቅል ወረቀት ወፍራምና ቀጥ ያለ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። ፊቱ ግን የሚያብረቀርቅ ስለሆነ፣ ብርሃን በበር በኩል ብቻ በሚገባበት ሳሎን ከሥዕሉ ይልቅ የበሩን ነጸብራቅ ያሳያል፤ የማያብረቀርቅ ወረቀት ካለ እሱን ማስቀደም ይሻላል። በሁለቱ ካርዶች ላይ ቀለማቱ ሲታተሙ በትክክል ስላልተገጣጠሙ፣ ከጥቁሩ መስመር ጎን ቀጭን ቀይ ጥላ ይታያል፤ ይህን ለማወቅ ማጉያ መነጽር አያስፈልግም፣ የቅዱሳኑን ጣቶች ማየት ይበቃል። ከሁሉም ያሳዘነኝ ግን የሥዕሎቹ አቆራረጥ ነው። የመቅደሱ ሥዕሎች ብዙዎቹ ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን የቀረቡ ሲሆኑ፣ በካርዱ ቅርጽ እንዲገቡ ተብሎ የአንዱ መልአክ ክንፍ፣ የሌላው ቅዱስ እግር ተቆርጧል። በጀርባቸውም የአድራሻ መጻፊያ መስመርና የቴምብር ቦታ እንጂ የቤተ ክርስቲያኑም ሆነ የሠዓሊው ስም የለም፤ እኔ የዑራዎቹን የለየኋቸው ዘጌ ሄጄ ስላየኋቸው ነው። የታንኳ ቀዛፊዎቹን የሣለው ሰው በሕይወት ያለ ይመስለኛል፤ ስሙ አለመጻፉ በገዢውም በሠዓሊውም ላይ የተፈጸመ ንፍገት ነው።

አሰቃቀሉ ከካርዱ ያላነሰ ሐሳብ ይጠይቃል። ባዶውን የተለጠፈ ካርድ ማስታወቂያ ይመስላል፤ በዚያ ላይ በክረምቱ እርጥበት ጠርዙ ይቆለመማል። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተርም ለጭቃ ቤት አይሆንም፤ ሲነሣ ቀለሙን ከነኖራው ይዞ ይወጣል። እኔ ያሠራሁት ከዋንዛ እንጨት የተሠራ፣ ውስጡ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ሲሆን፣ በካርዱ ዙሪያ በየአቅጣጫው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነጭ ካርቶን እንዲቀር አድርጌያለሁ። ይህ ባዶ ነጭ ቦታ ብክነት ለሚመስለው ሰው፣ ካርዱን አንድ ጊዜ ከነጩ ጋር፣ አንድ ጊዜ ያለ ነጩ ግድግዳው ላይ ይዞ ማየት ይበቃዋል፤ ትንሹ ሥዕል የሚከበረው በዙሪያው ዝምታ ሲኖር ነው። ካርዱን በሙጫ መለጠፍ አያስፈልግም፤ በድሮ የፎቶ አልበሞች እንደምናውቀው፣ አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ይዞ ማስቀመጥ በኋላ ለመቀየርም ያመቻል። መስታወቱ ደግሞ የቡናና የዕጣን ጭስ ለማይለየው ቤት የግድ ነው፤ በሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ የሚወጣውን ቢጫ እድፍ ያየ ሰው ካርዱን ያለ መስታወት አይሰቅልም። በፍሬሙ ጀርባ ታችኛው ማዕዘን ላይ ቁራጭ ላስቲክ ቢለጠፍ በግድግዳውና በእንጨቱ መካከል አየር ያልፋል፤ ሻጋታውም ይቀራል።

ምስማሩ በጭቃ ግድግዳ ላይ በደፈናው ቢመታ ጭዱን አርግፎ ይወድቃል፤ ስለዚህ ግድግዳውን በጣት እያንኳኩ ቋሚውን እንጨት ፈልጎ እዚያው መምታት ነው። ከፍታውን በተመለከተ፣ በሥዕል ማሳያ አዳራሾች የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 1.50 ሜትር አካባቢ የሚሆነው ተመልካቹ ቆሞ ስለሚያይ ነው። በእኛ ሳሎን እንግዳ ስለሚቀመጥ፣ ካርድን የሚያህል ሥዕል ወደ 1.20 ሜትር ዝቅ ቢል ይሻላል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ደግሞ መተው አለበት፤ ርካሽ ቀለም ለፀሐይ ሲጋለጥ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይሸሻሉ፣ በፀጉር ቤት መስኮት ላይ የኖሩ ፖስተሮች ሰማያዊ ሆነው የሚቀሩትም ለዚህ ነው።

የመንፈሳዊዎቹን ካርዶች ቦታ በተመለከተ ጎረቤታችን እትዬ ያሉትን ልብ ማለት ይገባል። ቡና ሊጠጡ መጥተው ከተቀመጡበት ተነሥተው የኪዳነ ምሕረትን ካርድ ተሳለሙና፣ «ልጄ፣ እመቤታችንንማ ከገበያው ሥዕል ጋር አታደባልቅ፤ ለብቻዋ ወደ ምሥራቅ አድርግ» አሉኝ። እንዳሉት አደረግሁ፤ ለዓይንም የተሻለ ሆነ። ቀዛፊዎቹና ገበያው በአንድ ረድፍ፣ የቤተ ክርስቲያኖቹ በሌላ ግድግዳ ሲሆኑ ሁለቱም ወገን ይበልጥ ተነበቡ።

ከዋጋ አንጻር ሙሉው ጥቅል ከአንድ ባለ መስታወት የዋንዛ ፍሬም ዋጋ አይበልጥም፤ ወጪው ያለው ፍሬሙ ላይ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም ከማሠራት ሦስት ወይም አራት መርጦ በደንብ ማሠራት ይበልጣል። መሸጫው ካርዶቹን በነጠላም ይሰጣል፤ በነጠላ የሚገዛ ሰው ግን ከጥቅሉ ጋር የሚመጣው ጠንካራ ካርቶን ስለማይደርሰው፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሳፈር ከሆነ ሁለት ቁራጭ ካርቶን ይዞ ይሂድ፤ በሚኒባስ ወንበር ኪስ ውስጥ የታጠፈ ካርድ በፍሬምም አይቃናም።