በአድማ ቀን «ባቡር የለም» ለሚላችሁ ሹፌር ጆሮ አትስጡ

ለንደን ላላችሁ፣ በተለይ ዘመድ ኤርፖርት ለምትሸኙ። 110 ፓውንድ ተበልቼ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 4። በዚያ ሳምንት የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር (ቲዩብ) ሠራተኞች ከሰኞ እስከ ሐሙስ አድማ ላይ ነበሩ። እናቴ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት መግባት አለባት። በረራዋ ማታ ነው፣ ከሂትሮው ተርሚናል 2። እኛ ያለነው ፊንስበሪ ፓርክ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን የቲዩቡ ፒካዲሊ መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ያለ ቅያሪ ሂትሮው መውረድ ነበር።

ጣቢያው ጋ ስንደርስ የአድማው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሁለቱን ሻንጣ ይዤ ቆሜ ሳነብ አንድ ሰው ጠጋ አለ። «ኤርፖርት? ዛሬ ባቡር የሚባል ነገር የለም። 95 ፓውንድ፣ ቁርጥ ዋጋ።» እናቴ ክንዴን ነካ አድርጋ «ስንት ነው ያለው?» አለችኝ። ወደ ብር መንዝሬ ልነግራት አልደፈርኩም። ደረስን ስንል ደግሞ «ለሻንጣው 15» ብሎ ጨመረ። ቆጣሪ የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ። ሰዓቱ ሄዷል፣ እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ከፈልኩ።

ያንገበገበኝ ግን ስመለስ ነው። ሸኝቻት ወደ ታች ስወርድ የኤልዛቤት መስመር ባቡር በሩን ከፍቶ ቆሟል! ፋሪንግደን ወረድኩ። እዚያው ጣቢያ ውስጥ ቴምዝሊንክ የሚባለውን ባቡር ያዝኩና ፊንስበሪ ፓርክ ገባሁ። አንድ ቅያሪ፣ በቃ። ባቡሩ ሰው በሰው ነበር፣ አልዋሽም። የወረድኩት ግን ሰውየው «ባቡር የለም» ያለኝ ጣቢያ ላይ ነው።

ከፊሉ ጥፋት የአፋችን ልማድ ይመስለኛል። እኛ ሁሉንም «ባቡር» ብለን እንጨርሰዋለን። አድማ የመታው ግን ቲዩቡ ነው። የኤልዛቤት መስመርን፣ ኦቨርግራውንድንና ቴምዝሊንክን የሚያንቀሳቅሱት ሌሎች ድርጅቶች ናቸው፤ ሠራተኛውም ሌላ ነው። በእርግጥ በዚያን ቀን ዲኤልአሩም (የምሥራቅ ለንደኑ ቀላል ባቡር) አድማ ላይ ነበር። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የቆመው የትኛው እንደሆነ በስም ለይታችሁ እዩ። የሚሠራውም ቢሆን በጣም ማልዶ ወይም ሌሊት አንዳንድ ጣቢያ ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል፤ ሰዓቱንም እዩ።

መኪና ግድ ከሆነባችሁ፣ ሚኒካብ (በቀጠሮ የሚሠራው የኪራይ መኪና) አስቀድሞ በድርጅቱ በኩል ካልተያዘ መንገድ ላይ ሰው መጫን አይፈቀድለትም። እንዲህ ጭኖ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም አይሸፍናችሁም። እጅ ዘርግቶ ማስቆም የሚቻለው ብላክ ካብ (ጥቁሩ የለንደን ታክሲ) ብቻ ነው። እሱ ርካሽ አይደለም፣ ቢሆንም ቆጣሪ አለው፤ የሻንጣ ብሎ ከኪሱ ዋጋ አያወጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓዲንግተን ጣቢያ ስትደርሱ ወደ ሂትሮው የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች አሉ፣ ኤልዛቤት መስመርና ሂትሮው ኤክስፕረስ። ኤክስፕረሱ በ15 ደቂቃ ያደርሳል፤ ኤልዛቤት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋው ግን በጣም ይቀንሳል። ሁለቱም የባንክ ካርድ ይቀበላሉ። ተጣድፋችሁ ኤክስፕረሱ በር ላይ ካርድ ከነካችሁ የሚቆረጥባችሁ የኤክስፕረሱ ሒሳብ ነው። ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት የማን በር ላይ እንደቆማችሁ ቀና ብላችሁ አንብቡ።