የእማሆይ ጽጌማርያም ሁለት አልበሞች፦ የቱ ይቅደም?

መነኩሲቷ የፒያኖ ተጫዋችና የዜማ ደራሲ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሁለት አልበሞቻቸውን አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 «ጄሩሳሌም»፣ በ2024 ደግሞ «ሱቨኒርስ»። እኔ ሐዋሳ ቤቴ ሁለቱንም እያፈራረቅኩ ስሰማ ከርሜያለሁ።

«ጄሩሳሌም» ከሞላ ጎደል ፒያኖ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ብርቅ ሸክላቸው የተወሰዱ ሥራዎች አሉበት፤ ቤት ውስጥ በካሴት የተቀዱም ተጨምረውበታል። የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ የሚያስታውሰው ሥራ እዚህ ነው ያለው። «ኢትዮፒክስ 21» የተባለውን የቀድሞ የፒያኖ አልበማቸውን የወደደ ሰው ይሄን አይጠላም። ጃዝ የለመደ ጆሮም ቶሎ ይገባዋል፤ ዜማው ግን የኛው ቅኝት ነው። እንግዳ መጥቶ ቡና ሲፈላ ዝቅ አድርጎ ለመክፈት እሱን የሚያህል የለም።

«ሱቨኒርስ» ሌላ ነገር ነው። እዚህ እማሆይ በአማርኛ ይዘፍናሉ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ፒያኖውን ራሳቸው እየመቱ፣ በተራ ቴፕ ነው የቀዱት። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አይጮህም። ከመስኮቱ ውጭ የወፍ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ዘፈን በሩቅ አገር ያለን ሰው እዚያ ፀሐይ ነው ወይስ ደመና እያለ ይጠይቃል። እኔ እዚያ ላይ ስደርስ ውጭ ያለችው እህቴ ትዝ ትለኛለች፤ ስልክ ስንደዋወል መጀመሪያ የምንጠያየቀው እሱኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ «ሱቨኒርስ»ን ግዙ። የውጭ አድማጭ ዜማውን ይወዳል፣ ቃሉን ግን በትርጉም ነው የሚያገኘው። እኛ ቀጥታ እንሰማዋለን። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። የቀረጻው ጥራት የሚያሳስበው ሰው ብቻ በ«ጄሩሳሌም» ይጀምር፤ የ«ሱቨኒርስ» ካሴት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያስቸግረው ይሆናል።

ሸክላ ማጫወቻ ከሌላችሁ ፋይሉን ግዙ። ስልክ ላይ ከወረደ መብራት ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ሸክላው ይሻለኛል ካላችሁ ግን የመላኪያውንና የቀረጡን ሒሳብ አስቀድማችሁ አስሉ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢይዝላችሁ ይሻላል። በእጅ ሻንጣው ውስጥ ይያዘው፤ ሲደርስም በሐዋሳ ፀሐይ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት፣ ይጣመማል።

«ሱቨኒርስ»ን መጀመሪያ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳር በስልክ ስፒከር ከከፈታችሁት ወፎቹ አይሰሙም።