«በሳምንት ውስጥ ጉግል ላይ አንደኛ» የሚለውን ውል አትፈርሙ

በጎንደር የግል ክሊኒክ ላላችሁ ባልደረቦቼ፦ ድረ ገጻችሁን በአንድ ሳምንት ከጉግል ፍለጋ አናት ላይ እናስቀምጣለን የሚሉ ሻጮች ከፒያሳ እስከ ማራኪ እየዞሩ ነው። ለምሠራበት ክሊኒክ ያቀረቡትን ውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። እባካችሁ አትፈርሙ።

አንደኛ ደረጃን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ በግልጽ ጽፏል። በገንዘብ የሚገዛው ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል።

ታዲያ ምን ሊሸጡልን ነው? አንደኛው ከማይታወቁ ድረ ገጾች ወደ እኛ የሚጠቁሙ በሺህ የሚቆጠሩ ሊንኮች ናቸው፤ ጉግል ሊንክን እንደ ምስክርነት ስለሚያይ እሱን ለማታለል ነው። ጉግል እንዲህ ያሉትን ለመያዝ ፔንግዊን የተባለውን የፍለጋ ሥርዓቱን ማሻሻያ ያወጣው በፈረንጆች 2012 ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የዘወትር ሥርዓቱ አካል ሆኗል። ሌላው በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ፊደል «ምርጥ ሐኪም በጎንደር፣ ምርጥ ሐኪም በአዘዞ፣ ምርጥ ሐኪም በደባርቅ» እያሉ፣ ሰው ሳያየው የጉግል ማሽን እንዲያነበው መደርደር ነው። ይህም የተከለከለ ነው። የሐሰት የደንበኛ አስተያየትም በጥቅሉ ውስጥ አለ።

ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን የጤና ጽሑፉ ነው። ከውጭ ገጾች ተቀድቶ በማሽን የተተረጎመ፣ ሐኪም ያላየው የስኳር ሕመም ምክር በክሊኒኩ ስም ሊወጣ ነበር። ከደምቢያ ወይም ከጭልጋ ሆና በስልኳ የምታነብ እናት ያንን አምና የመድኃኒቷን መጠን ብትቀይርስ? ጉግልም ቢሆን በጤና ጉዳይ የበለጠ ጥብቅ ነው፤ ጽሑፉን ማን እንደጻፈው፣ ሙያው ምን እንደሆነ መታወቁን ይፈልጋል። ደረጃ ለማግኘት ሲባል ብቻ በጅምላ የሚመረት ጽሑፍንም በፈረንጆች ማርች 2024 በወጣው ፖሊሲ ከልክሏል።

የጉግል ቅጣት፣ ማለትም ከፍለጋ ውጤት ዝቅ መደረግ ወይም ጭራሽ መውጣት፣ ሲመጣ ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፤ የሚቀጣው የእናንተ ድረ ገጽ ነው። በጉግል ሠራተኛ ውሳኔ የተጣለ ቅጣት፣ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል በተባለ መሣሪያ ውስጥ ተጽፎ ይታያል። ጥፋቱ ከታረመ በኋላም እንደገና እንዲመረመር ማመልከት ይቻላል። በኮምፒውተር ሥርዓቱ በራሱ የሚመጣው ግን ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ከእሱ ማገገም ወራት ሊወስድ ይችላል። በተገዛ ሊንክ የተገኘ ደረጃ ደግሞ አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ የድረ ገጹ አድራሻ ስም (ዶሜይን) በሻጩ ስም እንደሚመዘገብ ተጽፏል። ስሙም የይለፍ ቃሉም በክሊኒኩ እጅ መሆን አለባቸው።

የፈረማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሰርች ኮንሶልን ክፈቱ። የተደበቀውን ጽሑፍና የተቀዳውን ምክር ከድረ ገጹ ላይ አጥፉ፤ የተገዙት ሊንኮች እንዲነሱ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ። ቅጣት ተመዝግቦ ካገኛችሁና ሻጩ እንቢ ካለ፣ እነዚያን ሊንኮች እንዳይቆጥርባችሁ ለጉግል ዝርዝራቸውን የምታስገቡበት መሣሪያ አለ።