የአሮጌ ራቭ ፎር ጉምጉምታ፦ እየነዱ ማዳመጥ ወይስ ፖንቴ (የጋራዥ መኪና ማንሻ) ላይ ማውጣት?

የ1997 ሞዴል ራቭ ፎር፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄደው፣ ከሥር "ዉዉዉ" ማለት ሲጀምር ምን ይሻላል? እኔ ከሁለቱም በፊት፣ ጎማዎቹን አያለሁ። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቁ ከሆኑ የመሃሉ ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የማርሽ ክፍል) ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ወጪ
እየነዱ፦ ትንሽ ቤንዚንና ጭር ያለ አስፋልት።
ፖንቴ፦ የእጅ ዋጋ፤ ካልተጠነቀቁ ደህናውን ዕቃ ማስቀየርም አለ።

ምን ይናገራል
እየነዱ፦ ብዙ። መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲይዙ ጉምጉምታው ከባሰ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የቀኙን ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) ይጠርጥሩ። መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ሲነሱ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ከፊት ጎማ ጀርባ ያለውን የአክስል ላስቲክ ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ተቀዶ ግራሶው ቸርኬው ላይ ተረጭቶ ይሆናል። ነዳጅ ሲሰጡ የሚያፏጭ፣ እግር ሲያነሱ የሚለወጥ ድምፅ ወደ ዲፈረንሻል ያመዝናል።
ፖንቴ፦ ጎማ ነቅንቆ፣ ክሮቼራ (ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደውን ዘንግ መገጣጠሚያ) ፈትሾ፣ የዲፈረንሻል ዘይት አፍስሶ ብናኝ ብረት ማየት። አየር ላይ ግን ክብደት ስለሌለ አንዳንዱ ኩሽኔታ ዝም ይላል።

አደጋ
እየነዱ፦ ድምፅ በቦዲው ይጓዛል፤ የኋላው የፊት ይመስላል።
ፖንቴ፦ አራቱም ከተነሱ ደህና። አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ አንስቶ ማርሽ ማስገባት ግን አይሞከርም፤ መሬት የነኩት ጎማዎች መኪናውን ከክሪኩ ሊያወርዱት ይችላሉ።

ድምፁ ገና የጀመረና ለስላሳ ከሆነ ማዳመጡ ይበቃል። ኳኳታ ወይም ንዝረት ካለው፣ ወይም ነገ ረጅም መንገድ ካለብዎት፣ ዛሬውኑ ፖንቴ።