የሮዘንበርግ ባለ 10 ጥያቄ ቅጽ፦ ሐዋሳ ላይ ለማን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የአሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት የሞሪስ ሮዘንበርግ መጠይቅ፣ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት ለመለካት በዓለም ላይ በብዛት ከሚያገለግሉት አንዱ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ሦስት ዓይነት ደንበኛ አለው፦ መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የትምህርት ቤት አማካሪ እና «በራስ መተማመን» የሚል ሥልጠና የሚሰጥ አሠልጣኝ። ለመጀመሪያው ጥሩ መሣሪያ ነው። ለሁለተኛው የጨዋታ መክፈቻ ከመሆን አያልፍም። ሦስተኛው ባይነካው ይሻላል።

ዋጋ የለውም፤ ለትምህርትና ለምርምር በነፃ ስለሚፈቀድ ወጪው የፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። 10 ዓረፍተ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» 4 ምርጫ አለው፤ ሞልቶ ለመጨረስ 5 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። መጀመሪያ የቀረበው ለኒውዮርክ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለነበር ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። መሃል ላይ «አላውቅም» የሚል መሸሸጊያ የለውም፤ ይሄም ጥሩ ጎኑ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ነጥብ ሲደመር ነው። 5ቱ ጥያቄዎች አዎንታዊ ናቸው («በጠቅላላው በራሴ ረክቻለሁ»)፣ 5ቱ አሉታዊ («አንዳንድ ጊዜ ምንም የማልረባ ሆኖ ይሰማኛል»)። በአዎንታዊዎቹ «በጣም እስማማለሁ» 4፣ «በጣም አልስማማም» 1 ይያዛል። አሉታዊዎቹ መገልበጥ አለባቸው፤ ከ5 ላይ የተሞላው ቁጥር ይቀነሳል። ይህን የዘለለ ሰው ምን እንደሚያገኝ አስሉት። ራሱን እጅግ የሚያከብር ተማሪ 5 ጊዜ 4 እና 5 ጊዜ 1 ሞልቶ ድምሩ 25 ይሆናል። ራሱን እጅግ የሚንቀውም 5 ጊዜ 1 እና 5 ጊዜ 4 ሞልቶ ያው 25። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ምልክቱ የክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚያሳየው ቁጥር) ማሽቆልቆል ነው፤ ከዜሮ በታች የሚወርድበትም ጊዜ አለ። ያኔ «ቅጹ ለአገራችን አይሆንም» ብሎ መደምደሚያ ከመጻፍ በፊት የጥያቄዎቹን የእርስ በርስ ዝምድና ሰንጠረዥ መክፈት ነው። 5ቱ እርስ በርስ ተስማምተው ከቀሩት 5 ጋር ኔጌቲቭ ከሆኑ ሳይገለበጡ ቀርተዋል።

ደግሞ ሁሉም ኮፒ አንድ አይደለም። ቅጹ በሁለት ቅደም ተከተል ይዞራል። «በጠቅላላው በራሴ ረክቻለሁ» ብሎ በሚጀምረው ላይ የሚገለበጡት 2፣ 5፣ 6፣ 8 እና 9 ናቸው። «ቢያንስ ከሌሎች እኩል ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ» ብሎ በሚጀምረው ላይ ግን 3፣ 5፣ 8፣ 9 እና 10። ቅጹን ከአንድ ጓደኛ፣ የነጥብ ቁልፉን ከሌላ የተቀበለ ተማሪ 4 ጥያቄዎችን አዛብቶ ይቆጥራል።

አማካሪዎች የሚሰናከሉት ዝቅተኛውን ከደህናው ይለያል በሚባለው የነጥብ ድንበር ነው። ከ1 እስከ 4 ሲቆጠር ድምሩ ከ10 እስከ 40፣ ከ0 እስከ 3 ሲቆጠር ከ0 እስከ 30 ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው «ከ15 በታች ዝቅተኛ ነው» የሚለው አባባል ለሁለተኛው አቆጣጠር ነው። በመጀመሪያው ቆጥሮ 24 ያገኘባትን ተማሪ «ደህና ነሽ» ብሎ የሚሸኝ አማካሪ፣ ከ0 እስከ 3 ቢቆጠር ነጥቧ 14፣ ማለትም ከ15 በታች መሆኑን አላየም። መስፈርቱ ራሱም ቢሆን የሚያስተማምን አይደለም፤ ቅጹ «ታማሚ» እና «ጤነኛ» ብሎ የሚለይ የታወቀ ድንበር የለውም። ለተማሪ ቁጥሩን መንገር ምንም አይጠቅምም። «ምንም የማልረባ» በሚለው ላይ «በጣም እስማማለሁ» የሞላ ልጅ ካለ ግን ድምሩ ስንትም ይሁን ለብቻው ተጠርቶ በእርጋታ መነጋገር ያስፈልጋል።

የአማርኛ ቅጂ ስትመርጡ አሉታዊዎቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። «የምኮራበት ብዙ ነገር የለኝም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ አሉታን በአሉታ መሻር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ ቤቱ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ እየተናገረ ላደገ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የ53 አገሮች ጥናትም አሉታዊዎቹ በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም እንደማይሰጣቸው አሳይቷል። ሁሉንም «እስማማለሁ» ብሎ የሞላ ሰው፣ በትክክል ተገልብጦለትም ድምሩ 25 ነው፤ ስለዚህ ከመደመር በፊት አንድ ዓምድ ላይ ብቻ ምልክት ያደረጉትን ወረቀቶች ለዩ። ቅጂውን ዋናውን ያላየ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፤ ከዚያ አምስት ስድስት ተማሪዎች እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር ያስረዱ። «ለራሴ የበለጠ ክብር ቢኖረኝ እመኛለሁ» የሚለው በየቦታው ያስቸግራል፤ ለራሱ ጥሩ ግምት ያለውም ሰው ይስማማበታላ። ዝም ብሎ ከመሰረዝ አልፋውን እሱን ጨምሮም ሳይጨምርም ማሳየት የተሻለ ነው።

ጠዋት አስሞልቶ ማታ በድጋሚ የሚያስሞላ ሥልጠና ግን መሣሪያውን ያለቦታው ነው የሚጠቀመው። ቅጹ የሚይዘው የሰውን ጠቅላላ፣ ቶሎ የማይዋዥቅ ግምት ነው። የሰዓታት ለውጥ ለመያዝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሂዘርተንና ፖሊቪ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ባለ 20 ጥያቄ ቅጽ አለ። ከጭብጨባ በኋላ ከፍ ያለ ነጥብ አሠልጣኙን ላለማሳፈርም ሊሞላ ይችላል፤ ይሉኝታ ባለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መስታወት ፊት ቆሞ ራስን ማወደስም መዘዝ አለው፦ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ከደጋገሙት መካከል ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ስሜታቸው ይብስ ወርዷል። ባውማይስተርና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2003 የቀደሙ ጥናቶችን ገምግመው፣ ለራስ ያለ ግምት ከደስታ ጋር ጠንካራ ዝምድና እንዳለው፣ ግምትን ማሳደግ የትምህርት ውጤትን ያሻሽላል ለሚለው ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ጽፈዋል።

ለልጃችሁ ከፍላችሁ ልታስመዘግቡ ከሆነ አሠልጣኙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሁለተኛው ልኬት ሥልጠናው ካለቀ ከስንት ወር በኋላ ይወሰዳል? ያልሠለጠነ፣ ግን በዚያው ጊዜ የተለካ ሌላ ቡድንስ አለ?