የማይነካው ዛፍና ጨርቅ የሚታሰርበት ዛፍ

አየርላንድ ውስጥ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ሆውቶርን የሚባል እሾሃም ቁጥቋጦ የፌሪዎች፣ በአገሩ ተረት ያሉት የስውር ፍጡራን፣ ነው ይባላል። ገበሬው እነሱን ስለሚፈራ ዙሪያውን ያርሳል እንጂ አይነካውም። በ1999 እ.ኤ.አ. ክሌር በሚባለው አውራጃ ውስጥ ላቱን የሚባል ቦታ ላይ መንገድ ሊሠራ ሲል፣ ተረት ነጋሪው ኤዲ ሌኒሃን ለአንዲት ቁጥቋጦ ተሟገተ። መንገዱም እሷን ትቶ አለፈ። በ2002 አንድ ሰው ቅርንጫፎቿን በመጋዝ ቆራረጣት፤ እሷ ግን መልሳ አቆጠቆጠች። ፌሪዎቹ ምን እንዳሉ አልተሰማም።

እዚያው አየርላንድ ጠበል ዳር ያለው ዛፍ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ቁም ነገሩ መንካቱ ነው። የታመመ ሰው ብጣሽ ጨርቅ ጠበሉ ውስጥ ነክሮ ቅርንጫፍ ላይ ያስራል። ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮ ይለቃል ይላሉ። ለእኔ ይሄኛው ይቀርበኛል፤ ከማስፈራራት ማጽናናት ይሻላል። ችግሩ፣ አሁን አሁን ናይሎን የሚያስሩም አሉ። እሱ ደግሞ መቼ ሊበሰብስ!